ቮልስ በጭሱ ይመዘን

በባሕር ዳር ዘንባባ በተሰለፈበት ጎዳና፣ በባጃጆች መሐል ቮልስ ሲመጣ ከመታየቱ በፊት በድምፁ ይለያል። ሞተሩ ከኋላ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል፤ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ አየር እየነፋ ያቀዘቅዛቸዋል። ራዲያተር ስለሌለው በዓባይ በረሃ ዳገት ላይ የሚፈላ ውኃ የለውም፤ ቀስ እያለ ደጀን ይገባል።

ይህ መኪና በታሪካችንም አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣ።

ሕጋችን ግን አሮጌ መኪናን የሚያየው በዕድሜው ነው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ገና ረቂቅ ሳለ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ይዞ ነበር የመጣው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ክልከላው እዚህ ያሉትን ቮልሶች ከመንገድ አላስወጣም። ሆኖም አንዱ ሲሞት የሚተካው የለም ማለት ነው።

የጭሱ ነገር እውነት ነው፤ አልክደውም። ቮልስ የዘመኑ መኪኖች ያላቸው የጭስ ማጣሪያ የለውም። በዚያ ላይ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህም ያንኑ ያህል ቤንዚን ይለቃል፤ በቂ አየር ያላገኘው ቤንዚን በደንብ ሳይቃጠል በማርሚታው ጥቁር ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጎበዝ መካኒክ ካንዴላውን ፈቶ ጫፉን ያያል፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ከበዛ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ማሳለፊያ በጠባብ ይቀይራል። በዚህ መልክ የተያዘ ቮልስና የተረሳ ቮልስ የምርት ዓመታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጭሳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አሮጌ መኪና በመንገድ ይቆይ ወይ የሚለውን ጥያቄ በአውሮፓ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ተደራጅተው ነው የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው ፊቫ ሠላሳ ዓመት የሞላውንና በመልኩ የተጠበቀውን መኪና እንደ ቅርስ እንዲታይ ይሟገታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቶቹ የተለየ ሰሌዳ ትሰጣለች፤ ሰሌዳው ያለው መኪና በከተሞች የጭስ ገደብ ክልል መግባት ይችላል። ለንደንም አርባ ዓመት ያለፋቸውን ታሪካዊ መኪኖች ከጭስ ክፍያዋ ነፃ አድርጋለች።

ይህን እንዳለ መቅዳት ግን አይበጀንም። ፊቫ ታሪካዊ የሚለው ለዕለት መመላለሻ የማይውለውን መኪና ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ቮልስ ባለቤቱን ሥራ የሚያደርስ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚመልስ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳርም የአዲስ አበባም ባለ ቮልሶች አንድ ላይ ሆነው የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርን ሊጠይቁት የሚገባው ሌላ ነው፦ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ መሣሪያው ማርሚታው ውስጥ ገብቶ ጭሱ ይለካ፤ ለአሮጌ ሞተር የሚመጥን ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡን ያለፈ ይጠገን፣ ያላለፈ በመንገዱ ይቀጥል።