ሁለት መቶ ጥያቄና አንድ አስተርጓሚ

በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የክርስቲያናዊ ምክር አገልግሎት ተምሮ በማስተርስ የተመረቀ ሰው ደገሀቡር ላይ ምን ይሠራል? አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼም፣ እዚህ ያሉ ባልደረቦቼም ይጠይቁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሶማሌ ክልል ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪደሃር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የጀረር ዞን ዋና ከተማ ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። ወደ ክፍሌ ከሚገቡት አብዛኞቹ ወንጌልን አንብበው አያውቁም፤ እንዳነብላቸውም አልመጡም። የመጡት እንቅልፍ ስላጡ ነው። ድርቁ ከብታቸውን ስለጨረሰባቸው፣ ወይም ልጃቸው ብቻውን ሲያወራ ስለሚያድር ነው።

የሙያ ፈቃዴ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው። የምክር ትምህርቱን የጨመርኩት በኋላ ነው፤ በሽታን ለይቶ ማወቅና መድኃኒት መከታተል ተምሬ ነበር፣ ልጁን የቀበረ አባት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዝም ሲል ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚያሳየኝ ሰው ፈለግሁ። ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ ስይዝ ልዩነታቸው ጎልቶ ታየኝ። ለነርስነቴ ሕግ ይጠይቀኛል። ያለ ፈቃድ በጤና ሙያ መሥራት የተከለከለ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ተመራቂዎችን በአገር አቀፍ የብቃት ምዘና ያሳልፋል፤ ፈቃዱም ሲታደስ ተከታታይ ሥልጠና መወሰዱ ይታያል። ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን አማካሪ ሆኜ ስቀመጥ ግን ከሕሊናዬና ከሽማግሌዎቹ በቀር የሚጠይቀኝ የለም። ሰዉ ግን ያው ሰው ነው። ቅዳሜ እዚያ ያለቀሰች ሴት ሰኞ ሆስፒታል ልትመጣ ትችላለች፤ ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ ልትጠየቅ የሚገባት በሁለቱም ቦታ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «መንፈሳዊ አገልግሎት የመንግሥት ፈቃድ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ክርክሩ በኛ አልተጀመረም። አሜሪካዊው ጄይ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያውቅ አገልጋይ ለምክር ብቁ ነው፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሚበደረው የለም የሚል አቋም ያዘ፤ ብዙ ተከታይም አገኘ። ከእሱ 45 ዓመት ቀድሞ አንቶን ቦይሰን የተባለ አገልጋይ ሌላ መንገድ ጀምሮ ነበር። ቦይሰን እ.ኤ.አ. በ1920 ራሱ በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ የወጣ ሰው ነው። በ1925 ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኘው የዎስተር የአእምሮ ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ሰብስቦ ከሕሙማኑ ጋር እየዋሉ እንዲማሩ አደረገ። ተማሪው መጽሐፍ የሚያነብበትን ትጋት ለሕያው ሰው እንዲያውል ፈለገ። እኔ ከቦይሰን ወገን ነኝ። አዳምስ ለእግዚአብሔር ቃል የነበረውን ክብር እጋራዋለሁ፤ ነገር ግን ድምፅ የሚሰማትን ወጣት ንስሐ ግቢ ብሎ የሚመልስ አማካሪ ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል በየወሩ አያለሁ። ዘግይታ ትመጣለች፣ በዚያ ላይ ጥፋተኛ እንደሆነች አምና ትመጣለች።

አሜሪካ የሚኖር የድሮ ጓደኛዬ እንደ ዴንቨር ሴሚናሪ ባለ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ማለትም ሴሚናሪም ሆኖ፣ የምክር ትምህርቱ የአገሪቱን የሙያ መመዘኛ ያሟላ ነው። የማስተርሱ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። በዚያ ውስጥ 100 ሰዓት የመግቢያ ልምምድ (ፕራክቲከም)፣ ከዚያ 600 ሰዓት የሥራ ላይ ልምምድ (ኢንተርንሺፕ) አለ፤ ከ600ው ቢያንስ 240ው ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት መሆን አለበት። ከምረቃ በኋላ ደግሞ እንደየስቴቱ ሕግ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት በሱፐርቫይዘር ሥር መሥራት ይመጣል። ብሔራዊው የአማካሪዎች ፈተና 200 ጥያቄ አለው፤ ነጥብ የሚያዘው በ160ው ላይ ነው። ጓደኛዬ ለዚያ ፈተና ሲዘጋጅ ሌሊቱን ሙሉ ያነብ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ፈተናው አያወራም። የሚያወራው ሱፐርቫይዘሩ የቃለ ምልልሱን ቅጂ እያዳመጠች «እዚህ ላይ ለምን ቸኮልክ? ሴትዮዋ ገና አልጨረሰችም ነበር» እያለች ስላስቆመችው ነው።

የኛም አገር የአእምሮ ሕክምና ያደገው በዚሁ መንገድ፣ ልምድ ባለው ሰው ፊት እየሠሩ በመማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሲጀምር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየተራ እየመጡ ለአንድ ወር ያህል እየቆዩ ከሬዚደንቶቹ ጋር ሕሙማንን ያዩ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ውጭ አገር መሄድ ነበረባቸው። አማካሪ ሊሆኑ የተዘጋጁ ተማሪዎች ስለ ፈቃድ ሲጠይቁኝ ቀድሜ መልሼ የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ ስትሠራ ያየህ ማነው? ያንተን ምክር ሰምቶ ያረመህ ሰው አለ?

እዚህ ደገሀቡር ላይ ደግሞ መማሪያ መጽሐፎቼ የዘለሉት ነገር አለ፤ አስተርጓሚ። የኔ ሶማሊኛ ሰላም ለማለት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ለመጠየቅ ይበቃል። ሐዘን ለመስማት አይበቃም። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ጎሳ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ከተማው ውስጥ ይኖራል። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ለምጠይቃት ሁሉ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገራል። በኋላ እንደገባኝ አስተርጓሚው የባሏ ወገን ነው፤ ውርሱና ልጆቹ የማን እንደሚሆኑ ገና እየተነጋገሩ ነበር። በእሱ ፊት ምን ልትል ትችላለች? ከሌላ ከተማ የመጣች ጤና ባለሙያ እንድታስተረጉም ስትስማማ ሴትዮዋ መከናነቢያዋን ከፊቷ አነሳችና ያልጠየቅኋትን ሁሉ ነገረችን።

ከዚያ ወዲህ ከአስተርጓሚ ጋር መሥራትን እንደ ራሱ የቻለ ሙያ ነው የማስተምረው። ባለጉዳዩ ከመግባቱ በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ስለ ምስጢር መነጋገር ያስፈልጋል፤ ዝምድና ካለ እዚያው ይነሳል፣ ሰውም ይቀየራል። ባለጉዳዩም ያ ሰው እንዲቀመጥ ፈቃደኛ መሆኑን ለብቻው ይጠየቃል። አስተርጓሚው «ደክሞኛል ትላለች» ሳይሆን «ደክሞኛል» ይበል፤ አያሳጥር፣ አያሳምር። እኔ የማየው ባለጉዳዩን እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። ሲያልቅ ደግሞ ከአስተርጓሚው ጋር ትንሽ መቀመጥ አለብኝ፤ የሰማው ነገር የራሱን ቁስል ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ቁስሉ ደግሞ በዚህ ክልል የአንድ ወገን አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ በተነሳው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሰዎች ተገድለዋል፣ ከመካከላቸውም ካህናት ነበሩ፤ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል። በዚያው የፖለቲካ ለውጥ ወቅት ነው «ጄል ኦጋዴን» የተባለው እስር ቤት የተዘጋው፤ በዚያ ለዓመታት ሲደበደቡ የኖሩት ሶማሌዎች ናቸው። የሁለቱም ታሪክ ወደ አንድ ክፍል ይመጣል። በዚያ ቀን ሶማሌ ጎረቤቷ ጓዳ ደብቃ ያተረፈቻት ነጋዴ አለች፤ እስካሁን በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች። ከእስር የወጣ ሰውም አለ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። አማርኛ ተናጋሪ መሆኔ ብቻውን ለእሱ ምን ሊያስታውሰው እንደሚችል ማሰብ የኔ ድርሻ ነው። ክርስትናዬ እዚህ ላይ የሚታየው በታጋሽነቴና በታማኝነቴ ይመስለኛል፤ ስለ እምነቴ እስኪጠይቀኝ ድረስ ስለሱ አላነሳም። ሳይጠይቀኝ አልጸልይለትም። ለክርስቲያን ባለጉዳዮቼ ሲጠይቁኝ እጸልያለሁ፣ በደስታ። ግን ጸሎት ከማዳመጥ መሸሻ ሲሆንም አይቻለሁ፤ ሰውዬው ከባዱን ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት አገልጋዩ «እንጸልይ» ይላል፣ ያ ነገር ሳይነገር ይቀራል።

ከሼኾቹ ጋር ያለን ግንኙነት ከጠበቅሁት በላይ መልካም ነው። ቤተሰብ ሕመምተኛውን ቁርኣን ሊያስቀራ መውሰዱን አልቃወምም፤ የምለምነው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥና እግሩ እንዳይታሰር ነው። አንድ አዛውንት ሼኽን «አዴር (አጎቴ)፣ እርስዎ ጋ ከሚመጡት መካከል የማይተኛና የማይበላ ሰው ካለ ይላኩልኝ» ብላቸው እሺ አሉ፤ እየላኩም ነው። አማካሪ ልኩን የሚያውቅበት፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለሌላ የሚያስተላልፍበት ሥራ ይህ ነው፤ ከሙያ ሥነ ምግባር ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ፈቃድ ሲባልም የሚታየኝ ለተመራቂው የሚሰጥ ክብር ሳይሆን ለዚያ ሰው የሚሰጥ ዋስትና ነው፤ የእምነቴ ሰው ላልሆነው፣ ቋንቋዬን ለማይናገረው፣ ብበድለው የት እንደሚከሰኝ ለማያውቀው።

ዘንድሮ አንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ለምክር አገልግሎት ተመራቂዎቹ የተግባር ፈተና ጥያቄ እንዳዋጣ ጠየቀኝ። የጻፍኩት ይህ ነበር፦ የ19 ዓመት ሙስሊም ወጣት ከአጎቷ ጋር ወደ አንተ መጣች። መብላት አቁማለች፣ አትተኛም። አጎቷ አማርኛ ስለሚችል እሱ ያስተረጉማል። የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ እንዴት ትጠቀምበታለህ?

ብዙዎቹ ስለ ድባቴ ምልክቶች በደንብ ጻፉ። ጥቂቶች ጥቅስ ጨመሩ። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ መለሰች፦ አጎቷን በአክብሮት አመሰግናለሁ፤ ያመጣት እሱ ነውና ያየውን አስቀድሞ ይንገረኝ። ከዚያ ሴት አስተርጓሚ ፈልጌ፣ ዝምድና እንደሌላቸው አረጋግጬ፣ ልጅቷ ከተስማማች አጎቷ ውጭ እንዲቆይ እለምነዋለሁ። ምስጢር የምጠብቀው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እነግራታለሁ። ከዚያ መሞት አስባ እንደሆነ በግልጽ እጠይቃታለሁ፤ አዎ ካለች ለብቻዋ አልተዋትም፣ ዛሬውኑ ሐኪም እንዲያያት አደርጋለሁ።

ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። ለትምህርት ቤቱም የልምምድ ሰዓቷን ከፊሉን እዚህ እንድትሠራ ጽፌያለሁ፤ ሱፐርቪዥኑን በየሳምንቱ እኔ እሰጣታለሁ፣ ከኔ አቅም በላይ ለሆነው ጅግጅጋ ያለ ሐኪም በስልክ ሊያግዘን ተስማምቷል።