የማይለቅ ፍሬን፦ ከቡሬ ጎዳና ያገኘነው የፊዚክስ ትምህርት

በአንድ የክረምት ቀን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንጓዝ፣ ማንኩሳን አለፍ እንዳልን፣ የተቀመጥንበት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከወትሮው ከበደን። ነዳጅ ብንሰጠውም አይፈጥንም፤ ነዳጁን ስንቀንስ ደግሞ የሚይዘው ያለ ይመስል ወዲያው ይገታል። ወርደን የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተን በእጃችን ለማዞር ሞከርን፤ በብዙ ትግል ካልሆነ አልዞር አለን። በፍሬኑ ዲስክ ላይ ያረፈች የዝናብ ጠብታ ወዲያው ተንና ጠፋች። ዲስኩ እስኪበርድ ጠብቀን ቀስ እያልን ቡሬ ስንደርስ ያገኘነው ወጣት መካኒክ ግን ብዙም አልተገረመም። «ጋሼ፣ መያዙንስ ይይዛል፤ መልቀቅ ነው ያቃተው» አለን።

ብዙዎቻችን ከመጠን በላይ የሚይዝ ፍሬን ነዳጅ ከማባከን ያለፈ ጉዳት ያለው አይመስለንም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ አልለቅ ያለ ፍሬን ነገ ቁልቁለት ላይ አልይዝ ሊል ይችላል። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛና የገጠር መምህሩ ሕይወታቸውን ለዚህ መሣሪያ አደራ ስለሚሰጡ፣ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባል።

በቅድሚያ ጥቂት ስሌት እናድርግ። በሚጎተተው ፍሬን ላይ ያለው የሰበቃ ኃይል መንገድ ላይ 20 ኒውተን የሚያህል ተቃውሞ ይፈጥራል እንበል፤ ይህም የሁለት ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ 25 ኪሎ ሜትር ብንጓዝ 500,000 ጁል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የተጠቀሰው ሙቀት በ20 ዲግሪ ላይ ያለን አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ያፈላል። ለብዙ ጀበና ቡና የሚበቃው እሳት፣ ሳናውቀው፣ በአንዲት ቀጭን ዲስክ ላይ ይነድዳል ማለት ነው። ነፋሱ አብዛኛውን ቢወስደውም ቀሪው በሸራውና በፒስቶኑ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል።

የዲስክ ፍሬን አሠራር የተመሠረተው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል (እ.ኤ.አ. 1623–1662) ባስተዋለው ሕግ ላይ ነው፦ በታሸገ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። እጀታውን ስንጨብጥ ዘይቱ ፒስቶኑን፣ ፒስቶኑም ሸራውን ወደ ዲስኩ ይገፋል። ስንለቅስ ማን ይመልሰዋል? የሚገርመው፣ በተለመደው የሞተር ብስክሌት የዲስክ ፍሬን ውስጥ ፒስቶኑን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ የለም። ፒስቶኑን የከበበው የጎማ ቀለበት ሲገፋ ጥቂት ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲወገድ ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስቶኑን ከሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ወደ ኋላ ይስበዋል። ይህን ያህል ደካማ የሆነውን መላሽ ኃይል ዝገትና የደረቀ ጭቃ በቀላሉ ያሸንፉታል።

እጀታው አጠገብ ባለው ዋና ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለች። እጀታው ሲለቀቅ የሞቀና የሰፋ ዘይት በእርሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ቀዳዳዋ በቆሻሻ ከተደፈነች፣ ወይም እጀታው ፈታ የሚልበት ክፍተት ካጣ፣ ዘይቱ መውጫ የለውም። ሰበቃው ያሞቀዋል፤ ሙቀቱ ያሰፋዋል፤ የሰፋው ዘይት ፍሬኑን አጥብቆ ያስይዛል፤ መጥበቁም ሰበቃውን ይጨምራል። ችግሩ ራሱን እየመገበ ያድጋል።

አደጋው ግን በዚህ አያበቃም። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። በደረጃው መሠረት አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን በቀላሉ የሚታመቅ በመሆኑ እጀታው እስከ መጨረሻው ይገባል፤ ፍሬኑ ግን አይዝም።

እንግዲህ ብልሽቱ የት እንዳለ እንዴት ይታወቃል? መካኒኩ ያደረገው ለማንኛውም የቤተ ሙከራ ሰው ትምህርት የሚሆን ነው። ዲስኩ ከበረደ በኋላ ጎማውን አንሥቶ፣ ዘይቱን ለመቀበል ጨርቅ ይዞ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ጥቂት አላላ። ጎማው በዚህ ቢፈታ ኖሮ ጥፋቱ ከላይ፣ ማለትም በዋናው ሲሊንደር ወይም ውስጡ አብጦ ዘይቱን መመለስ በከለከለ ቱቦ ላይ ነበር። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ፍሬኑ እንደያዘ በዋናው ሲሊንደር በኩል ያለውን የቱቦ ብሎን ማላላት ነው፤ ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ የሲሊንደሩ፣ ካልተፈታ የቱቦው ነው። በእኛ ሞተር ላይ ግን ብሎኗ ላልታም ጎማው እንደታሰረ ቀረ። ስለዚህ ጥፋቱ ካሊፐሩ ላይ ነበር፤ ሲፈታም ፒስቶኑ ዝጎ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎችም በቀይ ጭቃ ተይዘው ተገኙ።

በጥገናው ጊዜ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፍሬን ጎማዎችን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ፣ በፍሬን ዘይት ፈንታም የሞተር ዘይት መጨመር ጎማዎቹን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማም ፒስቶኑን መልሶ ያስራል። በሳሙና ውኃ አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ቀብቶ መግጠም ይበጃል። የተቦረቦረ ፒስቶንና ያረጀ ቀለበት ይለወጣሉ። ሸራውና ዲስኩ ቅባት ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም። በመጨረሻም አዲስ ዘይት ሞልቶ አየሩን ማስወጣት፣ እጀታው ጠንካራ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በሜዳ ላይ በዝግታ መሞከር ግድ ነው።

መንገድ ላይ ብሎኗን አላልቶ ግፊቱን ማስተንፈስና ጉዞ መቀጠል የተለመደ መላ ነው። ይህ ግን ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያክምም፤ ዘይት ያጎድላል፣ አየርም ያስገባል። ብሎኗን ለማስተንፈሻ ሳይሆን ለመጠየቂያ የሚጠቀምባት ሰው ግን መልሱን ያገኛል። እኛም ያን ዕለት ከቡሬ ስንመለስ የፊት ጎማው በአንድ ጣት ግፊት ይዞር ነበር፤ ቁልቁለቱንም ያለ ስጋት ወረድን።