«ማቃጠል» ወይስ «መቅረጽ»? ስለ ዲስክ ሥራ ስያሜዎች

በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውና የመጨረሻ እትሙ በ2013 የተሠራጨው ኢምግበርን የተባለ ነፃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ የአንድን ዲስክ ይዘት በአንድ ፋይል ያጠቃልላል፤ ይህንንም ፋይል በባዶ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ላይ መልሶ ያሰፍራል። ስሙ የተገነባው «ኢሜጅ» ከሚለው ስም አጽሕሮትና «በርን» ከሚለው ግሥ ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት «ምስል» እና «ማቃጠል» ተብለው በቀጥታ ቢተረጎሙ አንባቢን እንደሚያሳስቱ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ግሡን እንመልከት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚጻፍበት ሲዲ ውስጥ ስስ የቀለም ንጣፍ አለ። የሌዘር ጨረር ንጣፉን በየነጥቡ ሲያሞቀው፣ የሞቀው ቦታ ብርሃን የማንጸባረቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የእንግሊዝኛው ዘይቤ የመነጨውም ከዚህ ሙቀት ነው። ደጋግሞ በሚጻፍበት ሲዲ ላይ ግን የሚለወጠው የብረታ ብረት ቅይጥ በመሆኑ፣ የሰፈረው ተፍቆ እንደገና ሊጻፍ ይችላል። በአማርኛ የተቃጠለ ነገር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ «ፋይሉን አቃጥል» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሰው ፋይሉ የሚጠፋ ቢመስለው አይፈረድበትም። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ገጽ እንኳ በስሙ ያለውን ግሥ ትቶ «መጻፍ» በሚለው ይጠቀማል። እኛ ግን ከድምፅ ሥራ የለመድነውን «መቅረጽ» እንመርጣለን።

ይህ ምርጫ ሌላ ችግር ያስከትላል። «ምስል መቅረጽ» ካልን አንባቢው የሚያስበው የቪዲዮ ካሜራን ነው። ፋይሉ ደግሞ የሚታይ ሥዕል የለውም። አይኤስኦ ተብሎ የሚጠራው፣ ስሙንም ከ1988ቱ አይኤስኦ 9660 ደረጃ ያገኘው ፋይል፣ እያንዳንዳቸው 2048 ባይት የሚይዙትን የዲስኩን ክፍሎች በቅደም ተከተላቸው የያዘ ነው። በጽሕፈት ቤት የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ ቁጥሩንና ቀኑን ሳይቀር እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህም የፋይሎቹን ዝርዝርና አቀማመጥ ጭምር ይይዛል። ስለዚህ «የዲስክ ግልባጭ» የሚለውን አቻ እናቀርባለን።

«መቅዳት» ከ«መቅረጽ» ጋር መደባለቅ የለበትም። ተርጓሚው «ግልባጩን ወደ ዲስክ ቅዳ» ብሎ ቢጽፍ፣ ተጠቃሚው ፋይሉን እንደ ማናቸውም ሰነድ ይወስደዋል። በዲስኩ ላይ የሚገኘው አንድ የታሸገ ፋይል ብቻ ይሆናል፤ ኮምፒዩተርን ከዚያ ዲስክ ማስነሣት አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክም በከንቱ ይባክናል። «ግልባጩን በዲስክ ላይ ቅረጽ» ሲባል ግን ይዘቱ በየቦታው ተዘርግቶ እንዲሰፍር መታዘዙ ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን አቻ ቃላት ለውይይት እናቀርባለን፦

የዲስክ ግልባጭ፦ የዲስክን ይዘት ከነአቀማመጡ የያዘ አንድ ፋይል።
መገልበጥ፦ ከዲስክ ግልባጭ ማውጣት።
መቅረጽ፦ ግልባጭን ዘርግቶ በዲስክ ላይ ማስፈር።
መቅዳት፦ ፋይልን እንዳለ ከቦታ ወደ ቦታ ማባዛት።
ማመሳከር፦ የተቀረጸውን ዲስክ ከግልባጩ ጋር ማስተያየት።

ከእነዚህ መካከል አከራካሪው «መገልበጥ» ነው፤ በዕለት ንግግር «መድፋት»ንም ስለሚያመለክት፣ ተርጓሚዎች ዘወትር «ዲስኩን ወደ ፋይል መገልበጥ» ብለው ከነተሳቢው ቢጽፉት እንመክራለን።