ጨረርን በብርሃን የሚለካው ፈሳሽ

ትሪቲየም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን የሚወረውረው ኤሌክትሮን እጅግ ደካማ ነው። ውኃ ውስጥ ከጥቂት ማይክሮሜትር አያልፍም፤ የጨረር መለኪያ ስስ መስኮት እንኳ ያስቀረዋል። ስለዚህ ትሪቲየም ያለበትን ናሙና ከመለኪያው ፊት ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ እዚያው መለኪያው ውስጥ መሟሟት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ፈሳሽ ሲንቲሌተር ይባላል፤ ጨረር ሲያልፍበት ብልጭ ይላል።

ብልጭታው የሚመነጨው አሮማቲክ ከሚባሉ ሞለኪውሎች ነው። በእነዚህ ውስጥ የካርቦን አቶሞች ቀለበት ሠርተው ይያያዛሉ፤ ከኤሌክትሮኖቻቸው ከፊሎቹ በአንድ አቶም ሳይታሰሩ በቀለበቱ ዙሪያ ይመላለሳሉ። ኃይል ሲያገኙ ትስስሩ ሳይበጠስ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ትርፉን በብርሃን መልክ ይለቁታል። ቀለበት የሌለው ዘይት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሃርትሙት ካልማን በርሊን ውስጥ የሞከረው ናፍታሊን፣ ልብስ ብል እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ያው ናፍታሊን፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ፈሳሹ ውስጥ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ከሞላ ጎደል ሙሉውን ፈሳሽ የሚይዘው አሟሚው፣ ለምሳሌ ቶሉይን፣ የጨረሩን ኃይል ይቀበላል። ሆኖም የራሱ ብርሃን አልትራቫዮሌት ነው፤ መልሶ ራሱ ስለሚውጠው ርቆ አይሄድም። እዚህ ላይ ፒፒኦ የሚባለው ሟሚ ይደርስለታል። በሊትር ጥቂት ግራም ብቻ ይጨመራል፤ ኃይሉ ከአንዱ የአሟሚ ሞለኪውል ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረ፣ በአብዛኛው ብርሃን ሳይሆን፣ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ፒፒኦ በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ያበራል፤ ይህን ብርሃን አሟሚው አይውጠውም። አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል 10,000 ያህል ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ያስገኛል። የትሪቲየም ኤሌክትሮን ቢበዛ 18,600 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚይዝ ፎቶኖቹ 200 እንኳ አይሞሉም።

ይህን ጭላንጭል ለመያዝ ሁለት ብርሃን አጉሊ ቱቦዎች ጠርሙሱን ከግራና ከቀኝ ይጠብቁታል። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ካላዩት ብልጭታው አይቆጠርም፤ አንደኛው ቱቦ ብቻውን የፈጠረው የውሸት ምልክት የሚጣለው በዚህ መንገድ ነው። ለፈሳሹ የከፋው ጠላት ግን ኦክስጅን ነው። ብርሃን ሊሆን የነበረውን ኃይል ይነጥቃል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ በሚፈልግ ሥራ ናይትሮጅን ይነፋበትና እንዲወጣ ይደረጋል። የናሙናው ቀለምም ብርሃኑን ያዳክማል።

የብልጭታው ቅርጽም ይናገራል። አልፋ የሚባለው የጨረር ቅንጣት በጉዞው ላይ ሞለኪውሎችን አጠጋግቶ ስለሚያነቃ አንዳንዶቹ እርስ በርስ ይገናኙና ዘግይተው ያበራሉ፤ ስለዚህ የአልፋ ብልጭታ ከቤታ፣ ማለትም እንደ ትሪቲየሙ ካለ ኤሌክትሮን፣ ብልጭታ ይልቅ ጅራቱ ይረዝማል። ጣሊያን ውስጥ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር የነበረው ቦሬክሲኖ የሚባል መለኪያ በዚህ ልዩነት ብዙ ተጠቅሟል። 280 ቶን ያህል ፈሳሽ፣ ሱዶኩሜን የሚባል አሟሚና በሊትር 1.5 ግራም ፒፒኦ ይዞ ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶችን ከ2007 እስከ 2021 ተከታተለ። በፀሐይ እምብርት ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በሚሳተፉበት የውህደት ዑደት የሚፈጠሩ ኒውትሪኖዎችን ማግኘቱን በ2020 አሳወቀ።