ኮድ እየጻፉ ሙዚቃ፦ ሴቶቹ ለምን ለብቻቸው ይማሩታል?

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ «ኮዲንግ» የማይሰማበት ቤት ጥቂት ነው። ወላጅ ለልጁ «ኮዲንግ ተማር» ሲል የሚያስበው እንጀራውን ነው፦ አፕ መሥራት፣ ባንክ መቀጠር፣ ከቤት ሆኖ በዶላር መከፈል። ሰው ፊት ቁጭ ብሎ በኮድ ሙዚቃ መጫወት ግን አለ፤ ላይቭ ኮዲንግ ይባላል።

ተጫዋቿ ላፕቶፕ ከፍታ ትቀመጣለች። የምትጽፈው ሁሉ በፕሮጀክተር ከኋላዋ ግድግዳ ላይ ይታያል። አንድ መስመር ጽፋ ስታስነሳው ድምፁ ይጀምራል፤ ሙዚቃው ሳይቋረጥ መስመሩን ታርመዋለች፣ ለውጡም ወዲያው ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሃምቡርግ ላይ የተመሠረተው ቶፕላፕ የተባለው ስብስብ ከተጫዋቾች የሚጠይቀው ዋና ነገር ስክሪናቸውን እንዳይደብቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ለንደን ላይ ሰው በዚህ ሙዚቃ የሚጨፍርበት ምሽት ተዘጋጀ፤ አልጎሬቭ አሉት።

አሠራሩን ለማየት አትክልት ተራን እንውሰድ። ገበያው በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ፤ ስሙ ግን ሰፈሩን አልለቀቀም። የቲማቲም ሳጥን መሬት ሲያርፍ፣ የሚዛን ብረት ሲጋጭ፣ ተሸካሚ «ዞር በሉ!» ሲል፦ ሦስቱንም በስልክ መቅዳት ይቻላል። ታይዳልሳይክልስ ወይም ስትሩደል በሚባሉት ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ድምፅ አጭር ስም እንሰጠዋለን። ከስሙ ቀጥሎ የኮከብ ምልክትና 4 ቢጻፍ፣ ድምፁ በአንድ ዙር ውስጥ አራት ጊዜ ይመታል። 4 የነበረው 6 ሲሆን ዙሩ አይረዝምም፤ ምቶቹ ይጠጋጋሉ እንጂ። ሳጥኑን 6፣ ሚዛኑን 2 አድርገን አብረን ብናስነሳቸው ችክችካ ለለመደ ጆሮ ባዳ ያልሆነ አካሄድ ይወጣል። ይህን ለመሥራት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የተሸካሚው ድምፅ በየአራት ዙሩ አንዴ ብቻ እንዲገባ ማድረግም የአንድ ቃል ጉዳይ ነው።

ምስሉም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ኦሊቪያ ጃክ የሠራችው ሃይድራ በብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ክፍያ የለውም፣ መጫንም አይጠይቅም። አንዲት መስመር የሚፈሱ ሸንተረሮችን ታመጣለች፤ ሌላዋ እንደ መስታወት ታባዛቸዋለች፤ ሦስተኛዋ ከማይክሮፎኑ ጋር ታያይዛቸውና ሳጥኑ በወደቀ ቁጥር ቀለሙ ያብጣል።

ደስ የሚለው ግን አብሮ መጫወቱ ነው። ፍሎክና ኤስቱዋሪ በተባሉት መድረኮች ብዙ ሰው አንድ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ አንዷ ከበሮውን፣ አንዷ ዜማውን፣ ሌላዋ ምስሉን ትይዛለች። በኔትወርኩ የሚያልፈው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ድምፁን የየሰው ኮምፒውተር ራሱ ያመርተዋል። ስለዚህ ብዙ ኢንተርኔት አይበላም፤ የዳታ ጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀረው ማዳመጥ ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ያለው ሰው የሚወረውረውን አዝማሪው ካልሰማ ጨዋታው እንደሚፈርስ፣ እዚህም የጓደኛዋን ድምፅ ሳትሰማ የምትጽፍ ሁሉን ታበላሻለች።

ታዲያ ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ የላይቭ ኮዲንግ ሥልጠና ለምን አስፈለገ? በእኔ ግምት መልሱ ከሙዚቃው ይልቅ መሣሪያው ማን እጅ ነው በሚለው ውስጥ ነው። ግብጻዊው ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ላይ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀዳ፤ በሥርዓቱ ላይ የነበሩትን ሴቶች ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ አገላብጦ የሠራው ሥራ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ይቆጠራል። ይህ ሰው ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተው ነው። ድምፁ የሴቶቹ፣ ማሽኑ የእሱ ነበር። አዝማሪ ቤትም ቢሆን ሴቷ ትዘፍናለች፣ ማሲንቆው በአብዛኛው ወንዱ ጭን ላይ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራሯን፣ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖዋን ይዘው ስማቸው የተነሣው ይህን ልማድ አልፈው ነው። ሚክሰሩና የስቱዲዮው ኮምፒውተር ዛሬም ወደ ወንዱ ያደላል።

እንግሊዝ ውስጥ አልጎቤብዝ በሚል ስም አብረው የሚጫወቱት ሼሊ ኖትስና ጆአን አርሚቴጅ ሴቶችን ወደ ላይቭ ኮዲንግ በማምጣት ይታወቃሉ። አርሚቴጅ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት ርዕሱ ላይ ያስቀመጠችው ቁም ነገር መሳሳት የሚቻልበት ቦታ ነው። ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ስህተት አይደበቅም፤ ቅንፍ ከጎደለ ሁሉም ያያል። ጀማሪዋ ከጀርባዋ ቆሞ «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብሎ ኪቦርዱን የሚወስድባት ሰው ካለ ሁለተኛ አትመለስም። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የተለመደ አንድ መላ አለ፦ ተጫዋቹ ከባዶ ስክሪን ይነሣል፣ 9 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ የወጣው ምንም ይሁን ምን ይጨበጨብለታል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሕግ አላየሁም።

«ወንዶቹን ማግለል አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ትምህርቱ ለሴቶች፣ ምሽቱ ለሁሉም ቢሆን ማንም አይቀርበትም። በቤተልሔም ደሴ አስተባባሪነት የሚታወቀው «ገርልስ ካን ኮድ» እንዲህ ያለ የሴቶች ክፍል በአገራችን እንደሚሠራ አሳይቷል። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ትእዛዞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ጥቂት ቃላት ስለሆኑ በአንድ ከሰዓት ይለመዳሉ፤ ትርጉማቸውን በአማርኛ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

መጀመር የምትፈልግ ሳም አሮን ለትምህርት ቤት ልጆች ብሎ የሠራውን ሶኒክ ፓይን ትጫን፤ ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለሁለት ሴት አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ በየአሥር ደቂቃው ኪቦርዱን ይለዋወጡ። ባትሪው አስቀድሞ ይሞላ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅምና። ገበያ ወርደው ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ ደግሞ ተሸካሚውንም ሻጯንም አስፈቅደው ይቅዱ፤ ጠዋት ጭነት ሲራገፍ ሳይሆን ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል ቢሄዱ ለመነጋገርም ጊዜ ያገኛሉ።