ካልሲየምና ያረጀ አንጎል

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ የምንኖር የስደት ትውልድ ወደዚህ ምድር ስንመጣ አብዛኞቻችን ጎልማሶች ነበርን፤ ዛሬ ፀጉራችን ሸብቷል። በተገናኘን ቁጥር የስም መጥፋትና የነገር መዘንጋት ይነሣል። ምክንያቱ «የካልሲየም ማነስ ነው፤ ወተት ጠጡ» የሚልም አይታጣም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእርጅናና በአንጎል ካልሲየም መካከል ያለውን ግንኙነት ማብራራት ነው።

በነርቭ ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው ነፃ ካልሲየም ከሕዋሱ ውጭ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ የሕዋሱ በሮች ለቅጽበት ይከፈታሉ፤ የሚገባው ካልሲየም መልእክቱ ወደ ቀጣዩ ሕዋስ እንዲተላለፍና ትዝታ እንዲቀረጽ ያደርጋል። ወዲያውም ከፊሉ ተገፍቶ ይወጣል፤ ከፊሉን ፕሮቲኖችና ማይቶኮንድሪያ ይይዙታል።

በእርጅና የሚላላው ይህ ሥርዓት ነው። ላንድፊልድና ፒትለር እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ ባረጁ አይጦች ሂፖካምፐስ የሚገኝ ሕዋስ ምልክት ካስተላለፈ በኋላ በካልሲየም ምክንያት የሚከተለው የዝምታ ጊዜ ከወጣቶቹ ይረዝማል። ስለዚህ ሕዋሱ ሳይሞትም ሊዘገይ ይችላል። ችግሩ የካልሲየም ማነስ ሳይሆን ከልክ ማለፉ ነው። የደም ካልሲየምን ሆርሞን፣ ኩላሊትና አጥንት ስለሚቆጣጠሩት፣ ወተት ለአጥንት ቢበጅም ይህን መዛባት አያቃናም። የካልሲየምን በር የሚዘጉ መድኃኒቶችም ተሞክረዋል፤ ነገር ግን የመርሳት በሽታን እንደሚፈውሱ አልተረጋገጠም።

ጥናቱ ከደጃችን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአምስተርዳም የተቋቋመው የኔዘርላንድ የአንጎል ባንክ፣ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያወርሱትን አንጎል ለተመራማሪዎች ያቀርባል። በሮተርዳም የኦሞርድ ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ነዋሪዎችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ ተሳታፊዎቹ ግን በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ያላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአምስተርዳም የተጀመረው የልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች የጤና ጥናትም ሱሪናሞችን፣ ጋናውያንን፣ ቱርኮችንና ሞሮኮዎችን ከደቾች ጋር መረጠ፤ ኢትዮጵያውያን ከተመረጡት ቡድኖች አንዱ አልነበሩም።

እንግዲህ ስለራሳችን እርጅና የምናውቀው በሌሎች ላይ የተመረመረውን ነው። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ፦ በአማርኛ አስቦ በደች የሚመልስ ሽማግሌ፣ ቋንቋ ሲያጥረው ትዝታ ያጠረው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ወላጆቻችንን ወደ ሐኪም ስንወስድ አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ ለጥናት ስንጋበዝም አንሽሽ። ያልተቆጠረ ሰው ሕመሙም አይታወቅለትምና።