አክሲዮንዎ በድንገት ቀጥ ሲል

በኒውዮርክ ገበያ የገዙት አክሲዮን አለ እንበል። ዋጋው ሲወርድ አይተው በስልክዎ «ሽጥ» የሚለውን ተጫኑ። ምንም የለም። ቁጥሩ ቀጥ ብሏል፤ ከጎኑም ግብይቱ መቆሙን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጥቷል። ኔትወርኩ ደህና ነው፤ አክሲዮኑም የእርስዎ ነው። ለጊዜው ግን ማንም አይገዛውም፣ ማንም አይሸጠውም።

ለምን ይቆማል? ብዙውን ጊዜ ዋጋው ስለሮጠ ነው። ገበያው ያለፉትን 5 ደቂቃዎች አማካይ ዋጋ ይዞ ከላይና ከታች አጥር ያበጃል። ለትልልቅ ኩባንያዎች አጥሩ በአብዛኛው 5 በመቶ ነው። አማካዩ 100 ዶላር ከሆነ ከ95 በታችና ከ105 በላይ መገበያየት አይቻልም። ዋጋው አጥሩ ላይ ተደግፎ 15 ሰከንድ ከቆየ ግብይቱ ለ5 ደቂቃ ይቆማል። ወደ ላይ መሮጥም ያስቆማል፤ በጃንዋሪ 2021 የጌምስቶፕ አክሲዮን ሲተኮስ በተደጋጋሚ ቆሟል።

ሌላው ምክንያት ዜና ነው። ኩባንያው ከባድ ነገር ሊያስታውቅ ሲል፣ ወሬው ለሁሉም እኩል እስኪደርስ ግብይቱ ይቆማል። ይህ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ተቆጣጣሪው የመንግሥት ኮሚሽን ከጠረጠረ ደግሞ እስከ 10 የሥራ ቀን ያግዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ገበያው በሙሉስ? ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ ማለትም የ500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋ በአንድ ላይ የሚለካበት ቁጥር፣ ከትናንት መዝጊያው 7 በመቶ ሲወርድ ሁሉም ነገር ለ15 ደቂቃ ይቆማል። 20 በመቶ ከወረደ የዕለቱ ገበያ ያበቃል። በማርች 2020 በኮሮና ድንጋጤ አራት ጊዜ ቆሟል፤ የመጀመሪያው ገበያው በተከፈተ በ4 ደቂቃ ገደማ ነበር።

ምን ያስከፍለኛል? መቆሙ ራሱ ምንም። ከደላላው ተበድረው ከገዙ ግን ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም። ዋናው ጉዳት የሚመጣው ሲከፈት ነው። የተጠራቀሙት ትእዛዞች በአንድ ጨረታ ይገናኙና አዲስ ዋጋ ይወጣል። 100 አክሲዮን ይዘው «45 ዶላር ሲደርስ ሽጥልኝ» ብለው ነበር እንበል። በ50 ቆመ፣ መጥፎ ዜና ወጣ፣ በ40 ተከፈተ። አክሲዮንዎ በ40 ይሸጣል። 4,500 ዶላር ሲጠብቁ 4,000 እጅዎ ይገባል።

«ከ45 በታች እንዳትሸጥ» የሚል ወሰን ቢጨምሩስ? ያን ጊዜ በ40 አይሸጥብዎትም፤ ዋጋው ካልተመለሰ ግን አክሲዮኑ እጅዎ ላይ እንዳለ ይቀራል። ያስቀመጡትን ትእዛዝ ግብይቱ ቆሞ ሳለም መሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። እነዚያን 5 ደቂቃዎች ስልኩን ደጋግሞ ከመጫን ይልቅ ለዚህ ይጠቀሙባቸው።